ቡርማይስተር የሚባል ስም ይዘን እስከ ኮንጋ

ወደ ዲላና ወደ ይርጋ ጨፌ የሚወርድ ሰው ጉዳዩ ይታወቃል፤ ወይ ቡና ሊገዛ ነው፣ ወይ ቡና ሊጭን። እኔ ግን የወረድኩት አንድ ስም ይዤ ነው። ይህን የምጽፈው አዲስ አበባ ተመልሼ፣ የጫማዬ ቀይ ጭቃ ገና ሳይለቅ ነው። መንገዱን በእግራችሁ የማትረግጡት ወዳጆቼ ቢያንስ በዓይናችሁ ሂዱበት ብዬ ነው።

የምሠራው በአንድ የጀርመን ዕቃ አስመጪ ቤት ነው፤ ጸሐፊም አስተርጓሚም ነኝ። ሁለት ዓመት ሐምቡርግ ተምሬ ስለመጣሁ ጀርመንኛ ለእኔ ውሃ ነው ብል ጉራ አይሆንብኝም። አንድ ቀን አለቃዬ አስጠሩኝና ከአንዲት ነጭ ፀጉር ካላቸው፣ ቀጥ ብለው ከተቀመጡ ሴት ጋር አስተዋወቁኝ። ፍሮይላይን ሄድቪግ ቡርማይስተር ይባላሉ፤ ፍሮይላይን የእኛው «ወይዘሪት» ነው። ወንድማቸው ካርል ከአርባ ዓመት በፊት ቡና ገዢ ሆኖ አገራችን መጥቶ ነበር፤ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ ደብዳቤው ተቋረጠ። በእጃቸው ያለው የመጨረሻው ፖስታ ብቻ ነው፤ ጀርባው ላይ «ዲላ፣ ኮንጋ» ተብሎ ተጽፎበታል።

«አላገባሁም፤ ካርልም ማግባቱን አላውቅም» አሉኝ። «እሱ ልጅ ከሌለው ስሙ እኔ ጋ ያልቃል። ይህን አውቄ ልሙት ብዬ ነው የመጣሁት።»

የተከራየነው ላንድሮቨር እስከ ዓርብ ነው፤ ቅዳሜ አውሮፕላናቸው ይነሳል። በመካከል ያለችን ጊዜ ይህችው ነበረች።

ሰኞ

ማለዳ ተነሳን። ሾፌራችን አሰፋ ጨዋታ የሚወድ ሰው ነው፤ ሞጆ ሳንደርስ የሴትዮዋን ስም ሦስት ጊዜ ሞክሮ ሦስት ጊዜ አበላሸው። በመጨረሻ «እመቤት» ብሎ ተገላገለ። እሳቸው ግን አልተቀየሙም፤ እንዲያውም ሳቁ።

«ይህ ስም ያልደረሰበት ነገር የለም» አሉና ያጫውቱኝ ጀመር። የተወለዱት ሪጋ ነው፤ ሪጋ ያኔ በሩሲያ ንጉሥ እጅ ነበረች። አገሬው ላትቪያዊ ወንድማቸውን «ቡርማይስተርስ» ይላል፣ እሳቸውን ደግሞ «ቡርማይስተሬ»። ወንድምና እህት በአንድ ገበታ በሁለት ስም ይቀመጣሉ ማለት ነው። የሩሲያኛው መምህር ደግሞ «የካርል ቡርማይስተር ደብተር» ለማለት የስሙ መጨረሻ ላይ «አ» ይቀጥልበታል፤ የእሳቸው ደብተር ሲሆን ግን ስሙን ንክች አያደርገውም። ሩሲያኛ እንዲህ ያለውን የባዕድ ስም በወንድ ላይ ያጥፈዋል፣ በሴት ላይ ግን እንዳለ ይተወዋል።

«አባቴ ደግሞ» አሉ፣ «ስሙ ውስጥ ያለችውን የመጀመሪያዋን ር ያንከባልሏት ነበር፤ ድንጋይ ላይ እንደሚሄድ ጋሪ። ካርልም እንደዚያው። እኔ ጀርመን አገር ስኖር ሰው ሲስቅብኝ ተውኩት።»

ነገሩ ጣመኝ። አዲስ ደብተር ነበረኝ፤ አውጥቼ ገጹን በመስመር ለሁለት ከፈልኩት። በግራ የአገሩን ስም፣ በቀኝ የአጠራሩን መልክ መጻፍ ጀመርኩ። የእኛንም አስረዳኋቸው። አማርኛ ስሙን አይሰብርም፤ ከፊት «የ» እና «ለ»፣ ከኋላ «ን» ይጭንበታል እንጂ። ቤተሰቡን በሙሉ ለመጥራት ደግሞ «እነ» ማለት ይበቃል፤ እነ ቡርማይስተር።

«እነ» አሉ እሳቸው፣ እየቀመሷት። «አሁን ግን እነ የሚባል የለም። እኔ ብቻ ነኝ።»

የእኛ ሰው የቤተሰብ ስም እንደሌለው፣ የአባቱን ስም ብቻ አስከትሎ እንደሚሄድ ስነግራቸው ደግሞ ፊታቸው ጠቆረ። ካርል ልጅ ቢኖረው እንኳ «እገሌ ካርል» ይባላል እንጂ ቡርማይስተር ከየት ይመጣል? ይህን ባልነገርኳቸው ብዬ ዝዋይ እስክንደርስ ቆጨኝ። ዝዋይ ላይ የተጠበሰ አሳ በላን። መንዝ ተወልጄ አሳን በጾም ስብከት ብቻ የማውቅ ሰው ነኝ፤ እሾሁ ጉሮሮዬን ሲይዘኝ ፍሮይላይን ጀርባዬን በጡጫ መቱልኝ።

ሻሸመኔ መግቢያ ላይ የመኪናችን ባሌስትራ ተሰበረ። ጋራዡ የአንድ ሽማግሌ ጣሊያን ነው፤ በአማርኛም በኦሮምኛም ይሳደባል። የወንድማቸውን ስም ስጠራለት የያዘውን ቁልፍ አስቀመጠ። «ቡርማይስትሮ! ኢል ቡርማይስትሮ!» አለ። ከኋላው አናባቢ ቀጠለበት፣ ከፊቱም «ኢል» የምትል መስተአምር አደረገለት። ከጦርነቱ በፊት መኪና ሠርቶለት ነበር፤ ወደ ዲላ እንደወረደ ያውቃል፣ ከዚያ ወዲህ አላየውም። ባሌስትራውን እስኪመሽ ሠራልን። እኔም አጠራሩን በደብተሬ አሰፈርኩ፤ እዚያው ሻሸመኔ አደርን።

ማክሰኞ

ከሐዋሳ በኋላ አገሩ ይለወጣል። መንዝ ዛፍ ብርቅ ስለሆነ እያንዳንዱን እንደ ዘመድ በስሙ እየጠራን ነው ያደግነው። እዚህ ግን ዛፍ በዛፍ ላይ ነው፤ ከላይ ትልልቁ፣ ከሥሩ ቡናው፣ በመካከሉ እንሰቱ። እርሻው የት እንደሆነ ዓይኔ አጥቶት አሰፋን ብጠይቀው «ጫካ የመሰለህ እርሻው ነው» አለኝ። የመንግሥት ወረቀት አውራጃውን ደራሳ ይለዋል፤ ሰዎቹ ግን ራሳቸውን የሚጠሩት ጌዴኦ ብለው ነው። ስም ፍለጋ ለወጣ ሰው ይህም አንድ ትምህርት ነበር፤ እኔ ግን ጽፌው አለፍኩ።

ዲላ ላይ አንድ ግሪክ ባለሱቅ አለ ተባልን፤ ሙሴ ያኒ። ጨርቅም ምስማርም ሰርዲንም ይሸጣሉ። ስሙን እንደጠራሁ «ቡርማይስተሪስ!» ብለው ከወንበራቸው ተነሱ። ወዲያው ወደ ጓዳ ዞረው ሚስታቸውን በግሪክኛ ሲጣሩ ግን «ቡርማይስተሪ» ሲሉ ሰማኋቸው። ስ ወዴት ሄደች ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ሰውየው ራሱ ሲመጣ ስ ይዞ ይመጣል» አሉኝ። «ስትጠራው ስ ትወድቃለች። ዕቃው ሲሆንም ትወድቃለች። እንዲህ ነው የኛ ቋንቋ፣ ምን ላድርግህ?»

ከዚያ ፍሮይላይንን አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ካርል ጨው ከእሳቸው ይገዛ ነበር፤ በጣሊያን ጊዜ ወደ ኮንጋ ገባ፤ ከዚያ መምጣት አበዛ፣ ከዚያ አሳነሰ። ከሞተ አሥር ዓመት ሊሆነው ነው ሲባል ሰምተዋል። ቤተሰብ? እሱን አያውቁም። ሰው ስለ ቤቱ አይጠየቅም፣ ጨው ነው የሚሸጥለት።

ፍሮይላይን አላለቀሱም። «መሞቱን ጠርጥሬ ነው የመጣሁት» አሉ፣ ጓንታቸውን እያወለቁ። የግሪኩ ሚስት ግን አልቻሉም፤ እጃቸውን ይዘው ወደ ቤት አስገቧቸው፣ ሾርባ አቀረቡላቸው፣ የሆቴላችንንም አልጋ አስቀርተው የራሳቸውን አንጥፈው አሳደሯቸው። እኔና አሰፋ የጃንሆይ ፎቶ ከተሰቀለበት የሆቴል ክፍል ውስጥ ከቁንጫ ጋር ተፋጨን።

ረቡዕ

ከዲላ ይርጋ ጨፌ ሩቅ አይደለም፤ ግን ዝናብ ጥሎ ስለነበር ሁለት ጊዜ ወርደን ገፋን። ከተማው ሆቴል የለውም። አንድ ከጉራጌ አገር የመጡ ነጋዴ፣ ሐጂ ሙዘይን የሚባሉ፣ ሱቃቸው በር ላይ ቆመን ስንንከራተት አይተው «ዕቃችሁን አስገቡ፤ ማታ እዚህ ናችሁ» አሉን። እኛ አገር እንግዳ መጀመሪያ ከየት መጣህ፣ የማን ልጅ ነህ ይባላል። ሐጂ ሻንጣውን ከተቀበሉ በኋላ ነው የጠየቁን።

ኮንጋ መንደር መኪና ስለማይገባ በእግር ወጣን። መንገዱ በቡናው ሥር የሚሄድ ቀጭን የእግር መንገድ ነው። ፍሮይላይን በስልሳ ስምንት ዓመታቸው በትር ይዘው ከፊቴ ይራመዳሉ፤ ቁና ቁና የምተነፍሰው እኔ ነኝ። አማርኛ የማይሰማ አንድ ሽማግሌ አግኝተን «ቡርማይስተር?» ስንለው በከዘራው ከእንሰቱ ኋላ ያለ የቀርከሃ ቤት አመለከተን።

ደጁ ላይ አንዲት ወጣት ሴት እሸት ቡና እየለቀመች ታሰጣለች፤ ሕፃን አዝላለች። ስሟ ማርታ እንደሆነ በኋላ ነው የሰማሁት። «ይህ የቡርማይስተር ቤት ነው?» አልኳት። አንገቷን ደፋች፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«ባለቤቱ የለም» አለች። «ዲላ ሄደ። ነገ ይመጣል።»

«ቡርማይስተር የሚባል ፈረንጅ ታውቂያለሽ?»

ዝም። ከዚያ «ቁጭ በሉ» አለች። «ጥቁሩን ላፍላላችሁ?»

የቡና አገር ሴት ቡናን «ጥቁሩ» ስትል ሰምቼ አማርኛዋ ያልጠና መሰለኝ። «ቡና ማለትሽ ነው?» ብዬ እንደ አስተማሪ ፈገግ አልኩላት። እሷ መሬት መሬት ታያለች። እኔ ሆዬ፣ ደብተሬን አውጥቻለሁ! ሪጋ አለኝ፣ ሻሸመኔ አለኝ፣ ዲላ አለኝ፤ የኮንጋ ብቻ ይቀረኛል። «ስሙን እናንተ እንዴት እንደምትሉት ልጽፈው ነው፤ አንዴ በይልኝ» አልኳት። ዝም ስትል ደገምኩላት፤ «ቡር፣ ማይስ፣ ተር። ቀላል እኮ ነው።» ሦስተኛ ጊዜ ስጠይቃት የያዘችውን ሰፌድ አስቀመጠች፣ ቤቷ ገባች፣ በሩንም ዘጋችው። ከአጥሩ ማዶ ይመለከቱን የነበሩ ሁለት ጎረቤቶች ፊታቸውን አዙረው ሄዱ።

ፍሮይላይን በሩን ትንሽ አዩት። «እንሂድ» አሉኝ። «ሌላ ሰው ገብቶበታል። ስሙን ሰምተውት እንኳ አያውቁም። ነገ ጠዋት ወደ አዲስ አበባ እንመለስ።» መውጣቱን የቀደሙኝ ሴት መውረዱን በትራቸው ላይ ተደግፈው ነው የወረዱት።

ሐጂ ቤት ስንደርስ ገና ፀሐይ ነበረች። ባለቤታቸው ዘይነባ እራት አቀረበች። ሐጂን ስታገባ ነው የሰለመችው፤ ትውልዷ ጌዴኦ ነው፣ አማርኛዋም ሴቱን አንዳንዴ «እሱ» ይለዋል። የቀረበልን ወሳ ነው፤ ከእንሰት የሚጋገር ቂጣ ነው፣ ጎመን በቅቤ ይዞ መጣ። እንጀራ ለለመደ አፍ መጀመሪያ ይከብዳል፤ ሦስተኛው ጉርሻ ላይ ግን ወደድኩት። እየበላን የዋልንበትን አጫወትኳቸው። ያቺ ሴት እንዴት ባለጌ እንደሆነች፣ ቡናን እንኳ መጥራት እንደማትችል እየቀለድኩ ነበር። ዘይነባ ጭኗን በእጇ መታች።

«ምን አደረክ አንተ!» አለችኝ። «የባሏን አባት ስም ጥሪ አልካት?»

«እንዴት የባሏ አባት?»

«ምራት የባሏን አባት ስም አይጠራም። ሞቶም አይጠራም፣ አይቶት ባያውቅም አይጠራም። ስሙ የሚጀምርበትን እንኳ አፉ ውስጥ አያስገባም። ቡ ካለ ቡና አይልም፤ ሌላ ይፈልጋል። ጥቁሩ አለችህ አይደል? አላውቅም ቢል ውሸት ነው። አውቃለሁ ቢል በል ጥራው ትላለህ። ዝም አለ። ምን ይበል?»

ሐጂ ሳቃቸውን በጢማቸው ውስጥ ደበቁ። «እኔም ስመጣ ብዙ ሰው አስቀይሜያለሁ፤ አይዞህ» አሉኝ።

እኔ ግን አፈርኩ። ሐምቡርግ ሁለት ዓመት ተቀምጬ ያላፈርኩትን ያህል አፈርኩ። ነገሩን ለፍሮይላይን ስተረጉምላቸው ጉርሻቸው እጃቸው ላይ ቀረ።

«ዝም ያለችው ስለማታውቀው አይደለም ማለት ነው?»

«ስለምታከብረው ነው» አልኳቸው።

«ስለዚህ ካርል ወንድ ልጅ አለው» አሉ፣ በዝግታ። ከዚያ ወሳውን ጨርሰው ሌላ ጠየቁ። ሐጂ የራሳቸውን አልጋ ለእሳቸው ለቅቀው ሱቅ ውስጥ በጨው ጆንያ መካከል አደሩ።

ሐሙስ

«የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ» ይባላል፤ ዘይነባን ለምነን ይዘናት ወጣን። ሐጂ ስኳር በወረቀት ጠቅልለው ሰጡን። ደብተሬን ሆን ብዬ መኪናው ውስጥ ትቼው ነበር።

በአጥሩ በር ላይ ቆሜ ባርኔጣዬን አወለቅኩ። «እህቴ፣ ባለማወቅ አጥፍቻለሁ፤ ይቅር በይኝ» አልኩ። ዘይነባ በጌዴኦኛ ደገመችላት፤ ከእኔ የረዘመ ተናገረች፣ በመካከሉም እንደሰደበችኝ ጠረጠርኩ፤ ማርታ ልትስቅ ነበራ። ከዚያ ዘይነባ ወደ ፍሮይላይን አመለከተችና «እኚህ የቤቱ ሽማግሌ እህት ናቸው፤ ወንድማቸውን ፍለጋ ከባሕር ማዶ መጡ» አለች፣ እኔም እንድሰማ በአማርኛ።

ማርታ የፍሮይላይንን ፊት አየች። ግንባራቸውን አየች፣ ጆሯቸውን አየች፣ ከሌላ ፊት ጋር የምታስተያይ ነበር የምትመስለው። ወደ ጓሮ ተጣራች። ስድስት ዓመት የሚሆናት ልጅ፣ ፀጉሯ እንደ በቆሎ ጭራ የቀላ፣ እየሮጠች መጣች። ትናንት የት ነበረች? እዚሁ ነበረች፤ እኔ ነኝ ከደብተሬ ቀና ያላልኩት። ማርታ እጇን የልጅቷ ራስ ላይ አደረገችና «እሱ ይበል» አለች። «ልጅ ይላል። ለሱ ነውር አይደለም።»

ልጅቷ እጆቿን በጎንና በጎኗ አድርጋ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ጥቅስ እንደምትል፣ ቀጥ ብላ ቆመች።

«ቡርርርማይስተር!» አለች። «የአባቴ አባት ነው።»

የመጀመሪያዋ ር ተንከባለለች፤ ድንጋይ ላይ እንደሚሄድ ጋሪ። ፍሮይላይን መሬት ላይ ተቀመጡ። የወደቁ መስሎኝ ስሮጥ በእጃቸው አባረሩኝ። ልጅቷን ጠርተው እንደገና አስባሏት፤ ደግማ አለች፤ ደግመው አስባሏት። የዛሬ ስልሳ ዓመት ሪጋ ውስጥ አባታቸው ሲሉት የሰሙትን፣ እሳቸው ራሳቸው የተዉትን፣ ከአንዲት የኮንጋ ልጅ አፍ እየሰሙ አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ ምን እደብቃለሁ።

እኩለ ቀን ላይ ባለቤቱ በቅሎውን እየነዳ ከዲላ ገባ። ጴጥሮስ ይባላል፤ ቀይ፣ ረጅም፣ ነገር የማያበዛ ገበሬ ነው። ማን እንደመጣ ሲነገረው ጭቃ የያዘውን እጁን በሱሪው ጠርጎ የአክስቱን ጉልበት ሳመ። ከዚያ ከቤት የቆርቆሮ ሣጥን አወጣ፤ ሣጥኑ ውስጥ ካርል ወደ ሪጋ የጻፋቸውና «ባለቤቱ አልተገኘም» ተብለው የተመለሱ ደብዳቤዎች አሉ። በጦርነቱ መነሻ ሪጋ የነበሩ ጀርመኖች ሁሉ ተነቅለው ሄደው ነበርና ፍሮይላይን እዚያ አልነበሩም። ሁለቱም ሲጽፉ፣ ደብዳቤው በመንገድ ሲቀር፣ ሁለቱም ሌላው የተዋቸው ሲመስላቸው ኖረዋል።

«አባቴ በየእሁዱ ስሙን ያስብለን ነበር» አለ ጴጥሮስ። «ር ስትደክም ቁንጥጫ አለ። እኔም ለልጄ እንደዚያው ነው፤ ቁንጥጫው ብቻ ቀርቷል።»

ከሣጥኑ ሥር የግብር ደረሰኝ ነበር። በጣቴ ፊደሉን እያሳየሁ ለፍሮይላይን አነበብኩላቸው፤ ጴጥሮስ ቡርማይስተር። የአገሩ ሰው ካርልን በቤተሰብ ስሙ ብቻ ስለሚያውቀው ያንኑ እንደ መጠሪያ ስሙ ቆጥሮ ለልጁ የአባት ስም አድርጎታል። ሰኞ መኪና ውስጥ ያስፈራኋቸው ልማድ ራሱ ስሙን አትርፎት ተገኘ።

ከቤቱ ጀርባ፣ ከእንሰቱ መካከል፣ መቃብሩን አሳዩን። ፍሮይላይን ብዙ አልቆዩም። ሲመለሱ ጴጥሮስን፣ ማርታን፣ ልጅቷንና የታዘለውን ሕፃን አንድ በአንድ በጣታቸው ጠቆሙና በአማርኛ «እነ» አሉ። ከዚያ በላይ አማርኛ አያውቁም፤ አልፈለጉትምም።

ዓርብ

እንዳያመሽብን በማለዳ ልንነሳ ስንል እነ ጴጥሮስ ሁሉም እስከ ይርጋ ጨፌ ወርደው ሊሸኙን መጡ። ዘይነባ ለመንገድ የተቀቀለ እንቁላል፣ ማርታ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ወሳ ሰጡን። ሐጂን «የአዳሩን ልክፈል» ብላቸው ተቆጡኝ።

ፍሮይላይን መኪናው ውስጥ ከገቡ በኋላ መስኮቱን ከፈቱ። «ማርታ እኔን ምን ብላ እንደምትጠራኝ ጠይቅልኝ» አሉኝ። ጠየቅኩ። ማርታ ባሏን አየች፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገችና ዓይኗ ብቻ ሳቀ።

«የአባቴ እህት ናቸው» አለ ጴጥሮስ። «የእሳቸውንም አትጠራም።»

ለመተርጎም አፌን ስከፍት ፍሮይላይን ክንዴን ያዙኝ፤ ገብቷቸዋል። መኪናው ከከተማው እስኪወጣ ድረስ በመስኮቱ ወደ ኋላ እያዩ ነበር። ዲላን ስናልፍ ደብተሬን ጠየቁኝ። ሪጋን አነበቡ፣ ሻሸመኔን፣ ዲላን አነበቡ። «ኮንጋ» ከሚለው ፊት ለፊት ምንም አልነበረም።

«ማርታ እንዳለችው ጻፈው» አሉኝ።

ባዶውን ተውኩት።